በግድግዳ ውስጥ የተሸሸገ ታሪክ፤ ኤሌክትሪክና የኋይት ሐውስ እድሳት



የአንድ ታላቅ ቤት ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ማን እንዳሠራው፣ እነማን እንደ ኖሩበትና ምን ያህል ገንዘብ እንደ ፈጀ ነው። በግድግዳው ውስጥና በወለሉ ሥር ተሸሽገው ስለሚኖሩት ነገሮች፣ ይኸውም ስለ ውሃው ቧንቧና ስለ ኤሌክትሪኩ ሽቦ፣ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም የቤትን ዕድሜ የሚያሳጥረው ወይም የሚያስረዝመው፣ የነዋሪውንም ሕይወት የሚጠብቀው ወይም ለአደጋ የሚያጋልጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የማይታየው ክፍል ነው።

ዛሬ የምናወሳው ስሙ በዓለም ላይ ከታወቀ ከአንድ ቤት ታሪክ ይህንኑ የተሸሸገውን ክፍል ነው። ቤቱ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሺንግተን የሚገኘው የፕሬዚዳንቱ መኖሪያ፣ ኋይት ሐውስ ወይም ነጩ ቤት የሚባለው ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የባዕድ ቤተ መንግሥት ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። በደመወዙ ቈጥቦ አሮጌ ቤት የገዛ፣ ወይም ከአባቱ የወረሰውን ቤት ለማደስ ያሰበ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በመጠን ካልሆነ በቀር በዚያ ቤት ከደረሰው ፈተና የተለየ ፈተና አይገጥመውም።

የቤቱ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው በጥቅምት ወር 1792 ዓ.ም. ነው። ንድፉን ያወጣው በአይርላንድ የተወለደው ጄምስ ሆባን የተባለ አርክቴክት ሲሆን፣ መጀመሪያ የገቡበት ፕሬዚዳንት በ1800 ዓ.ም. ጆን አዳምስ ነበሩ። በነሐሴ ወር 1814 ዓ.ም. የእንግሊዝ ወታደሮች ከተማይቱን በያዙ ጊዜ ቤቱን አቃጠሉት። ከዚያም ሆባን እንደ ገና ሠርቶት በ1817 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጄምስ ሞንሮ ገቡበት። በዚያ ዘመን የቤቱ ብርሃን ሻማና ኩራዝ፣ ሙቀቱም የምድጃ እሳት ስለ ነበረ በግድግዳው ውስጥ የሚሸሸግ ብዙ ነገር አልነበረም። ግንበኛውና አናጢው ሥራቸውን ከጨረሱ ቤቱ አለቀ ይባል ነበር።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። በ1833 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ጃክሰን ጊዜ የውሃ ቧንቧ ገባ። በ1848 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ፖልክ ጊዜ የጋዝ መብራት ተዘረጋ። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ወይዘሮ ሣራ ፖልክ ግን በአንደኛው የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ያለው የሻማ መቅረዝ እንዳይነካ አዘዙ ይባላል። አንድ ምሽት ግብዣ ሳለ ጋዙ በድንገት ተቋርጦ ቤቱ ሁሉ ሲጨልም፣ በዚያ አዳራሽ ብቻ ሻማዎቹ ሲበሩ እንደ ቈዩ ይተረካል። አዲሱ ነገር እስኪታመንበት ድረስ አሮጌውን አለመጣል ማስተዋል ነው። ነገር ግን አዲሱን በአሮጌው ላይ እየደረቡ ዝም ብሎ መቀጠል ወደ ሌላ ችግር እንዳደረሰ ወደፊት እናያለን።

ኤሌክትሪክ በኋይት ሐውስ የገባው በ1891 ዓ.ም.፣ በፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሐሪሰን ዘመን ነው። የቶማስ ኤዲሰን ማመንጫ በኒው ዮርክ ከተማ ሥራውን ከጀመረ ገና 9 ዓመቱ ነበር። ሥራው የታቀደው ለኋይት ሐውስ ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ላለው የውጭ ጉዳይ፣ የጦርና የባሕር ኀይል መሥሪያ ቤቶች ሕንፃ ጭምር ነው። ማመንጫው በዚያ ሕንፃ ምድር ቤት ተተከለ፤ ሽቦውም ግቢውን ተሻግሮ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤት እንዲገባ ተደረገ። በየክፍሉ ልስኑ እየተፈለፈለ ሽቦው ተቀበረ፤ በላዩ ተመረገ፤ በግድግዳውም ላይ ክብ ማብሪያና ማጥፊያ ተተከለ። የጋዙ መብራት አልተነሣም፤ ኤሌክትሪኩ ለጋዙ እንደ ረዳት ይቈጠር ነበርና።

ፕሬዚዳንቱና ባለቤታቸው ግን ኤሌክትሪኩ ይይዘናል ብለው ስለ ፈሩ ማብሪያውን በእጃቸው ለመንካት እንቢ አሉ። ሽቦውን ለመዘርጋት ከመጡት ሠራተኞች አንዱ አይክ ሁቨር የተባለ ወጣት ነበረ። ማታ ማታ መብራቱን የሚያበራው እርሱ ነበር፤ እርሱ በማግሥቱ ጠዋት ተመልሶ እስኪያጠፋውም ድረስ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ይበራ ነበር። ይህ ወጣት በዚያው ቀርቶ 42 ዓመት አገለገለ፤ በመጨረሻም የቤቱ እልፍኝ አስከልካይ ሹም እስከ መሆን ደርሶ በ1933 ዓ.ም. በሥራው ላይ እንዳለ ዐረፈ።

አንባቢዎች የፕሬዚዳንቱን ፍርሃት በቀላሉ እንዳትስቁበት። በአሜሪካ አገር ስለ ሽቦ አዘረጋግ የሚደነግገው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ መጀመሪያ የታተመው በ1897 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የኋይት ሐውስ ሽቦ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ይህ ደንብ ከመታወቁ ከ6 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ፕሬዚዳንቱ የፈሩት ማብሪያውን ነበረ፤ እውነተኛው አደጋ ግን ማንም በማያየው በልስኑ ውስጥ ነበረ።

አደጋው የተገለጠው በ1902 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ቤቱ እንዲታደስ አዝዘው ሥራውን ለአርክቴክቱ ለቻርልስ ማኪም ሰጡ። ሠራተኞቹ ግድግዳውንና ወለሉን ሲከፍቱ የሽቦው መሸፈኛ በብዙ ቦታ ፈጽሞ ተበልቶ አገኙት፤ በሽቦውም ዙሪያ ያለው እንጨት እስከ ሩቅ ድረስ ከስሎ ነበር። 11 ዓመት ብቻ ያገለገለ መሥመር የአገሪቱን መሪ ቤት ለቃጠሎ አቅርቦት ነበር ማለት ነው። ቤቱ ያልተቃጠለው ስለ ተጠበቀ ሳይሆን እንዲያው ስለ ተረፈ ነው።

እንጨቱ እንዴት ሊከስል እንደ ቻለ መረዳት ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽቦውን ያሞቀዋል። ሙቀቱም ከኤሌክትሪኩ መጠን ጋር እኩል አይጨምርም፤ በሽቦው የሚያልፈው መጠን 2 እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ 4 እጥፍ፣ 3 እጥፍ ሲሆን 9 እጥፍ ይሆናል። ለጥቂት መብራት ታስቦ በተዘረጋ ሽቦ ላይ ዓመት በዓመት አንድ አንድ አምፖል ቢጨመር ለዐይን የሚታይ ለውጥ የለም፤ በልስኑ ውስጥ ግን ሙቀቱ ይጠራቀማል፤ መሸፈኛው ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ይረግፋል። ዘወትር የሚሞቅ እንጨትም ቀስ በቀስ ወደ ከሰልነት ይለወጣል።

የ1902ቱ እድሳት አሮጌውን ሽቦ አስወጥቶ አዲስ አስገባ። ይሁን እንጂ ሩዝቬልት ሥራው በጥቂት ወራት እንዲያልቅ ስለ ፈለጉ ሁሉ ነገር በጥድፊያ ተሠራ። የግብር አዳራሹን ለማስፋት ግድግዳ ፈረሰ፤ አዳዲስ ቧንቧና ሽቦ በአሮጌው እንጨት መካከል ተላለፈ። አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚሉት፣ የዚያ ጥድፊያ ዋጋ የተከፈለው ከ46 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ መካከል በ1927 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ኩሊጅ ጊዜ ጣራው ተነሥቶ ሦስተኛው ፎቅ በብረትና በኮንክሪት ተሠራ። የዚህ ሁሉ ክብደት ያረፈው ቀድሞ ቀላል ጣራ ይሸከሙ በነበሩት በውስጠኞቹ አሮጌ ግድግዳዎች ላይ ነው።

በ1948 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሐሪ ትሩማን ወለሉ ከእግራቸው በታች ሲወዛወዝ፣ የመብራት መቅረዙም ያለ ነፋስ ሲንቀሳቀስ ማስተዋል ጀመሩ። በዚያው ዓመት የልጃቸው የማርጋሬት ፒያኖ አንደኛው እግር ወለሉን ሰንጥቆ ገባ። መሐንዲሶች ተጠርተው ሲመረምሩ፣ ቤቱ የቆመው በልማድ ብቻ ነው እስከ ማለት ደርሰው እንደ ነበር ይነገራል። በወለሉ ሥር ያሉት ተሸካሚ እንጨቶች ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በቧንቧ ሠራተኛው፣ በማሞቂያ ሠራተኛውና በኤሌክትሪክ ሠራተኛው ተራ በተራ ሲቦረቦሩና ሲከረከሙ ኖረዋል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ለራሱ ቧንቧ ወይም ለራሱ ሽቦ የሚበቃውን ያህል ብቻ ቈርጦ ሄደ፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ምን ያህል እንደ ቈረጠ ግን አልጠየቀም።

የአንድ አግዳሚ እንጨት ኀይል የሚመዘነው ከሁሉ በላይ በቁመቱ ነው። ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነውን አግዳሚ ከላይ ወይም ከታች በ5 ሳንቲ ሜትር ብንከረክመው የተቀነሰው እንጨት ሩቡ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ቦታ ላይ ያለው ኀይል የሚለካው ቁመቱን በራሱ በማባዛት ስለ ሆነ የሚቀረው ከመቶ 56 እጅ ብቻ ነው። አንድ ሩብ ወስደን ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ኀይል እናጠፋለን ማለት ነው። ሌላ ሠራተኛ መጥቶ በዚያው አጠገብ ቢደግመው ወለሉ በምን ይቆማል? አግዳሚው በሚታጠፍበት ጊዜ የላይኛው ጠርዝ ይጨመቃል፤ የታችኛው ይወጠራል፤ መካከሉ ግን ብዙ አይደክምም። ስለዚህ ሽቦ ማሳለፍ ግድ ቢሆን በመካከሉ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ጠርዙን ከመከርከም ይሻላል። ይህን የመሰለ ጥቂት ጥንቃቄ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጉዳት ይቀር ነበር።

የትሩማን ቤተ ሰብ በኅዳር ወር 1948 ዓ.ም. ቤቱን ለቅቆ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ብሌር ሐውስ ወደሚባለው ቤት ተዛወረ። ምክር ቤቱ በ1949 ዓ.ም. አንድ ኮሚሲዮን አቋቁሞ ነገሩ እንዲመከርበት አደረገ። ቤቱ ጨርሶ ይፍረስና አዲስ ይሠራ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። በመጨረሻ የተወሰነው የውጭው የድንጋይ ግድግዳ ሳይነካ እንዲቆይ፣ ውስጡ ግን ፈጽሞ ተፈትቶ በብረትና በኮንክሪት እንዲሠራ ነው። ለሥራው 5 ሚሊዮን 400 ሺህ ዶላር ተፈቀደ። የአሮጌው ግድግዳ መሠረት በጥልቅ የኮንክሪት ምሰሶ ተደገፈ፤ በውስጡም የብረት አጥንት ቆመ። ለማሽኖችና ለልዩ ልዩ መሥመሮች ቦታ የሚሆን ከምድር በታች ሁለት ደርብ ተቈፈረ። መሬት የሚቈፍረውን መኪና ለማስገባት ግድግዳው ይቈረጥ ሲባል ትሩማን ስላልፈቀዱ መኪናው ተፈታትቶ ገብቶ በውስጥ ተገጣጠመ ይባላል። ትሩማን ወደ ቤታቸው የተመለሱት በመጋቢት ወር 1952 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ጊዜ የታየው ትልቁ ለውጥ የገንዘቡ ብዛት ወይም የብረቱ ክብደት አይደለም። ከተሠራ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤቱ አጥንት፣ የውሃው መተላለፊያ፣ የአየሩና የኤሌክትሪኩ መሥመር ልስኑ ሳይለሰን በአንድነት ታሰቡ። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ በተጨረሰ ቤት ላይ የተጨመረ ነበር፤ አሁን ግን ሽቦው የሚሄድበት ቦታ ከግድግዳው ጋር አብሮ ተወለደ።

ይህም ሲባል ያለ ጥፋት የተፈጸመ ነው ማለት አይደለም። ከጥንታዊው ቤት የወጣው እንጨት፣ ልስንና ጌጥ አብዛኛው ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ከፊሉ ለመታሰቢያ ተሸጠ፤ ብዙው እንደ ፍርስራሽ ተጣለ። የታሪክ ወዳጆች ይህን እስከ ዛሬ ያዝኑበታል። በኅዳር ወር 1950 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንቱ እንደ ኋይት ሐውስ ባልተጠበቀው በብሌር ሐውስ ሳሉ ሊገድሏቸው የመጡ ሁለት ሰዎች ተኩስ ከፍተው አንድ የጥበቃ ፖሊስ ሕይወቱን አጥቷል። በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ሊጠገን ይችል የነበረው ነገር ችላ በመባሉ በመጨረሻ መላው ቤት መፈታት ግድ ሆነ።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? በዚያ ቤት የተቀመጡት ፕሬዚዳንቶች ሰነፎች አልነበሩም፤ ሠራተኞቹም አላዋቂዎች አልነበሩም። ነገር ግን እያንዳንዱ ለተወሰኑ ዓመታት የገባ እንግዳ ነበረ። ለሚታየው ጌጥ ገንዘብ ማስፈቀድ ይቀላል፤ በግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር ሽቦ ግን ማን ያመሰግናል? በመሥሪያ ቤት ያለን ሁሉ ይህን ጠባይ እናውቀዋለን። ከእኛ በፊት የነበረው ሹም የተወውን ዶሴ ሳንመረምር የራሳችንን ወረቀት በላዩ ደርበን ለተከታዩ እናስረክባለን። ቤትም እንደ ዶሴ ነው፤ አንድ ቀን የሚከፍተው ሰው ሁሉንም ያገኘዋል።

የእኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሩቅ ተመልካች አይደለችም። ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን በኤሌክትሪክ ያበሩት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ከኋይት ሐውስ ጥቂት ዓመታት ብቻ ዘግይተው ነው። በግንቦት ወር 1954 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አይዘንሐወር ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴን በኋይት ሐውስ የተቀበሏቸው፣ ቤቱ ታድሶ ገና ሁለት ዓመቱ በነበረበት ጊዜ ነው። በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኀይል ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የቆቃ ግድብ ሥራውን ሲጀምር፣ በአዲስ አበባ መብራት ማስገባት የብዙ ቤተ ሰብ ምኞት ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ ቤት ሽቦው የተዘረጋው ለጥቂት አምፖሎች፣ ለአንድ ራዲዮና ምናልባትም ለአንድ ካውያ ታስቦ ነው። ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል፤ የሚጠየቁት ግን ሌላ ሸክም ነው።

ሸክሙን በቍጥር እንየው። 60 ዋት የሆኑ 10 አምፖሎች በአንድነት ቢበሩ 600 ዋት ይሆናሉ፤ በ220 ቮልት ይህ ከ3 አምፔር አይበልጥም። ዛሬ ግን 3500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ፣ 2000 ዋት የሚስብ ምድጃና 1500 ዋት የሚስብ የውሃ ማሞቂያ በአንድ ጧት በአንድነት ቢሠሩ 7000 ዋት፣ ማለት ወደ 32 አምፔር ይደርሳሉ። መጠኑ ከ10 እጥፍ በላይ ስለ ሆነ፣ ሽቦው ያው አሮጌው ከሆነ ሙቀቱ ከ100 እጥፍ በላይ ነው። በ1902 ዓ.ም. የማኪም ሠራተኞች ያዩት የከሰለ እንጨት የተፈጠረው በዚሁ ሕግ ነው።

ስለዚህ ቤታችሁን ለማደስ ያሰባችሁ አንባቢዎች፣ ከዚህ ታሪክ የሚከተሉትን ነገሮች ብትወስዱ መልካም ነው።

መጀመሪያ፣ የቀለሙንና የወለሉን ሸክላ ከመምረጣችሁ በፊት በቤቱ ውስጥ የሚሠሩትን ዕቃዎች ሁሉ ዘርዝራችሁ ዋታቸውን ደምሩ። ወደፊት ይመጣል ብላችሁ የምታስቡትንም ጨምሩበት። ቆጣሪው ለድምሩ የማይበቃ ከሆነ የማሻሻያውን ጥያቄ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት አስቀድማችሁ አቅርቡ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ፈቃድ ግድግዳ ማፍረሱ አይቀርምና።

ሁለተኛ፣ ሸክሙን ክፈሉት። ምጣዱ ለብቻው፣ የውሃ ማሞቂያው ለብቻው፣ መብራቱም ለብቻው የራሱ መሥመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ብሬከሩ የሚመረጠው በዕቃው ትልቅነት ሳይሆን በሽቦው ውፍረት ልክ ነው፤ የተሠራው ሽቦውን ለመጠበቅ ነውና። ፊውዝ በተቃጠለ ቍጥር በመዳብ ሽቦ መቀጠል፣ ወይም ብሬከር በዘለለ ቍጥር በትልቅ መለወጥ፣ ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ያለ ነው።

ሦስተኛ፣ የመሬት ሽቦ ሳይኖር ቤት ታድሷል አይባል። የምጣድ ወይም የማሞቂያ ውስጡ ተበላሽቶ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ አካል ቢወጣ፣ ያ ሽቦ ኤሌክትሪኩን ወደ ምድር መርቶ ብሬከሩ ወዲያው እንዲቋረጥ ያደርገዋል። ያ ሽቦ ከሌለ ግን ኤሌክትሪኩ ወደ ምድር የሚወርደው ብረቱን በነካው ሰው አካል በኩል ነው።

አራተኛ፣ ልስኑ ከመለሰኑ በፊት ሽቦው በቱቦ ውስጥ ይግባ። በቱቦ ያለፈ ሽቦ ሲያረጅ ተስቦ ይወጣል፤ አዲስም ይገባል። እንደ 1891ዱ በልስን ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ግን ግድግዳው ካልተፈለፈለ አይለወጥም። ግንበኛው፣ አናጢው፣ ቧንቧ ሠራተኛውና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሥራ ሳይጀመር አንድ ቀን በአንድነት ይነጋገሩ፤ ተሸካሚ የሆነውን እንጨትና ግድግዳም ማንም ሳያስፈቅድ አይቍረጥ።

አምስተኛ፣ የሽቦው መንገድ ሁሉ በወረቀት ላይ ይነደፍ፤ ግድግዳው ሳይዘጋም ፎቶግራፍ ይነሣ። ይህ ወረቀት ከቤቱ ካርታ ጋር ተቀምጦ ለልጅ ወይም ለገዢ የሚተላለፍ ይሁን። በኋይት ሐውስ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከእርሱ በፊት የነበረው የቈረጠውን ሳያውቅ ቈረጠ፤ በእናንተ ቤት ግን ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ዐውቆ ይቍረጥ።

ይህ ሁሉ ወጪ ያስወጣል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፤ ያስወጣል። ነገር ግን ግድግዳው ለሌላ ምክንያት በተከፈተበት ጊዜ ሽቦ መለወጥ የሚጠይቀው የሽቦውን ዋጋና የሠራተኛውን ደመወዝ ነው። ግድግዳው ከተዘጋ በኋላ መለወጥ ግን ልስኑን፣ ቀለሙንና የቤተ ሰቡን ሰላም ጨምሮ ይጠይቃል። ገንዘቡ አንሶ የወለሉ ጌጥ ወይስ የሽቦው መሥመር ይቅደም የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ ጌጡ ለሚመጣው ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ሽቦው ግን አይቆይም። አንድ ባለጠጋ አገር ከ1891 እስከ 1952 ዓ.ም. በ61 ዓመት ውስጥ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተማረውን ትምህርት እኛ በጥቂት ቀን ምክርና በአንድ ቅጠል ወረቀት ልናገኘው እንችላለን። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።